ዶሮ ስታስካካ የሚደርሱት ሴት

በየከተማው ለሌላ ሰው እየለመነ አገር የሚያስቸግር አንድ ሰው አይጠፋም። ለራሱ የሚለምነው ይሻላል፤ "እግዜር ይስጥህ" ብለው ያልፉታል። ለሌላ የሚለምነውን ግን እምቢ ካሉት ኃጢአቱ የእርስዎ ነው።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጂንካ ላይ ይህን ማዕረግ የያዙት እትዬ አየለች ነበሩ፤ የቀበሌያችን መዋዕለ ሕፃናት ወጥ ቤት ኃላፊ፣ ምክትል ኃላፊና ብቸኛ ሠራተኛ። እኔ የግብርና ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ጎረቤታቸውም ነበርኩ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዶሮ ነበረችኝ።

እትዬ አየለች ብር አይጠይቁም። "ብር ይቀቀላል እንዴ?" ይላሉ። የሚፈልጉት እንቁላል ነው። የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ በድምፅ ስለሚለዩ በሹክሹክታ "የዶሮ ደኅንነት" እንላቸው ነበር። አንዷ ጥላ ስታስካካ ድስታቸውን ከድነው አጥሩ ላይ ናቸው።

"ጣለች አይደል? ለራሴ ነው እንዴ?"

ነጋዴው አቶ ደበሌ ዶሮዎቻቸውን ወደ ጓሮ ቢያዛውሩ፣ እሳቸውም በጓሮ በኩል መጡ። የከለከላቸው ሰው ደግሞ ወዮለት! ሕፃናቱ መንገድ ላይ ባገኙት ቁጥር በአንድ ድምፅ "ዶሮዎ ተሻላት ወይ?" ይሉታል። ማን እንዳስጠናቸው አይታወቅም።

የዚያን ዓመት ሁዳዴ ላይ ዝናብ መንገዱን ቆረጠው። የልጆቹን ዱቄትና ወተት የጫነው መኪና ከቀይ አፈር ከተማ ወዲያ ጭቃ ይዞት ቀረ። ልጆቹ በጎደሬና በጎመን ሰነበቱ፤ አብዛኞቹ ቻሉት። ቦሼ ግን አልቻለችም። ገና ሦስት ዓመቷ ነው፣ እናቷ ታማ ተኝታለች። እግሯ አብጦ፣ ፀጉሯ ሳስቶ፣ ግድግዳ ተደግፋ ዝም የምትል ልጅ ሆነች። የጤና ረዳቱ "እንቁላል ካላገኘች አትተርፍም" አሉ።

እኔ ደግሞ ለፋሲካ እንቁላል እያጠራቀምኩ ነበር። አንድ ጠዋት ዶሮዬ አስካካች፤ እትዬ አየለች ደረሱ።

"ጥላሁን፣ ጣለች?"

"ኧረ የለም እትዬ! እባብ አይታ ነው።"

ሰው ለአንድ እንቁላል እባብ ይፈጥራል? እሳቸው ግን አመኑኝ። "ውይ ልጄን!" ብለው ዱላ ይዘው ገቡ፤ ጎረቤቱን በአሪኛም በአማርኛም ጠሩት። አልጋዬ ተነሣ፣ ሳጥኔ ተገፋ። ከሳጥኑ ኋላ አሥራ አንድ እንቁላል ጭድ ላይ ተደርድሮ ተገኘ።

"የእባቡ ናቸው?" አሉ እትዬ አየለች፣ በታላቅ ትሕትና።

"ለፋሲካ ነው እትዬ፤ እየጾምኩ ስለሆነ..."

"ጹም ልጄ። ዶሮዋ ግን አልጾመችም፤ ቦሼም አትጾምም። ጌታ ይባርክህ።"

አሥራ አንዱንም በነጠላቸው ቋጥረው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ዶሮዬ በጣለች ቁጥር ይመጣሉ፤ እኔም እያጉረመረምኩ እሰጣለሁ።

ሕማማት ላይ አንድ ጠዋት ዶሮዬ አስካካች፤ የመጣ ሰው ግን የለም። አጥሩን አየሁ፤ ጠበቅሁ። ደግማ አስካካች። እሰይ ማለት ሲገባኝ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ ወደ እሳቸው ቤት አማተርኩ። ለካ እኚያን ሴት እወዳቸው ኖሯል! "ቦሼ ሞታ ነው" አልኩና እንቁላሉን ይዤ ሮጥኩ፤ ገና ትኩስ ነበር።

ከመዋዕለ ሕፃናቱ በር ስደርስ ለቅሶ ሰማሁ። እንደምንም ገባሁ።

የሚያለቅሰው ለማ የሚባለው ድቡልቡል ልጅ ነው፤ ስኳር ድንቹን ተነጥቆ። ቦሼ ከመካከላቸው በቀጫጭን እግሯ ቆማ፣ ሁለት ጉንጯን ሞልታ ታኝካለች። እትዬ አየለች መሬት ላይ ቁጭ ብለው ይስቃሉ፤ ዕንባቸው ደግሞ አገጫቸው ላይ ይወርዳል።

"ና እያት ጥላሁን!" አሉኝ። "ሌባ ሆነችልኝ!"