ሙናካታ ኪዮታካ በመጥረጊያ ብቻ ወደ ጃንጥላዎች ዋሻ የዘመቱበት ዜና

በሬይዋ ዘመነ መንግሥት በሰባተኛው ዓመት፣ ዝናቡ ሳያባራ በዘጠነኛው ቀን፣ ዕለቱም ረቡዕ፣ የታቴባያሺ ከተማው ኃያል፣ የወለል ሰሌን ሠሪው፣ የሰፈር ማኅበር ሊቀ መንበሩ፣ ቆሻሻ ያለ ቀኑ የሚያወጣን ሁሉ በዓይናቸው ብቻ የሚቀጡት ሙናካታ ኪዮታካ፣ በቴሌቪዥናቸው ፊት ተንበርክከው፣ እጆቻቸውን በጭናቸው ላይ አኑረው፣ ናጊ የምትባል ልጅ ንግግሯን እስክትቀጥል በትዕግሥት ይጠብቁ ነበር፤ ናጊም እርሳቸውን ትጠብቅ ነበር።

ናጊ ሥዕል ናት። የምትኖረውም በሥዕልና በጽሑፍ በሚነበብ ጨዋታ ውስጥ ነው። «እንደምን ዋሉ፣ የጠፋ ዕቃ ክፍል ነው» ብላ እጅ ከነሣች በኋላ ዝም ብላለች፤ እንድትቀጥል የመቆጣጠሪያው ቁልፍ መጫን አለበት። ኪዮታካ ግን ሰው ትንፋሹን ሳይሰበስብ መጎትጎት ነውር ነው ተብለው ያደጉ ናቸውና አልጫኑም። እርሷ ፈገግ እንዳለች፣ እርሳቸውም አንገታቸውን ደፋ እንዳደረጉ አርባ ደቂቃ አለፈ።

ወእምዝ እመቤት ሱሚኤ፣ የቤቱ ባለሥልጣን፣ ያልደረቀ ልብስ ታቅፈው ገቡና ይህን አዋጅ አስነገሩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«እያሰበች ነው።»

«ቁልፉን ተጫነዋ።»

«ላቋርጣት?»

«ሥዕል እኮ ናት።»

«ብትሆንስ።»

እመቤት ሱሚኤም በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፤ የናጊም አፍ ተከፈተ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሊዘጋ አልቻለም።

የዘመቻው ምክንያት ይህ ነበር። አንዲት ልጃቸው ካናኤ፣ የከተማው አስተዳደር የሰጣትን እስከ ጡረታ የማይነቃነቅ ወንበር ትታ፣ ቶኪዮ ገብታ ለአንድ ትንሽ ጨዋታ ሠሪ ቤት ቃላት ትጽፋለች። ይህን የነገረቻቸው ዕለት ኃያሉ «እህ» አሉ፤ ከ«እህ» ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ የተነጋገሩት ስለ አየር ጠባይ ብቻ ነው። አሁን ግን የመጀመሪያ ሥራዋን ከነማሽኑ ልካ፣ በእናቷ በኩል እንዲህ ስትል አወጀች። «እማዬ፣ እሑድ እመጣለሁ። አባባ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ ያንብብልኝ፤ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። መጀመሪያ የተሰማውን አንዲት ነገር ይንገረኝ። እንደ ልማዱ እህ ካለኝ ግን፣ ስለ ሥራዬ ሁለተኛ እዚያ ቤት አፌን አልከፍትም።»

ኃያሉም ይህን በሰሙ ጊዜ እህ አሉ። ነገር ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

የጨዋታው ነገር እንዲህ ነው፦ ከዐሥር እጁ ዘጠኙ ንባብ፣ አንዱ እጅ ዋሻ። በአንድ ባቡር ጣቢያ ሰዎች ረስተዋቸው የሄዱ ጃንጥላዎች ከመሬት በታች ባለ አራት ደርብ ዋሻ ወርደው ሸፍተዋል፤ ተጫዋቹ ወርዶ እያባበለም እየመታም ለባለቤቶቻቸው ይመልሳቸዋል። ጦርነቱ ቀላል ነው፤ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ጃንጥላው ይታጠፍና በትሕትና ይሄዳል። ሊቀ መንበሩም በስብሰባ ልማዳቸው የመጀመሪያ አስተያየታቸውን በቆሻሻ ማውጫው የቀን ሰሌዳ ጀርባ ላይ ጻፉ፦ ልጅቱ ወሬ ታበዛለች፤ ሙዚቃው የጥርስ ሐኪም ቤት ወንበር ላይ ተኝቶ የሚሰማውን ይመስላል፤ በጣቢያው እንግዳ ማረፊያ ሥዕል ላይ አራት ሰሌኖች ማዕዘን ለማዕዘን ገጥመዋል፣ እንዲህ የሚነጠፈው ለለቅሶ ቤት ነው።

ሐሙስ በነግህ ዘመቱ። ከኋላቸው የተሰለፈው ሠራዊትም ይህ ነበር፦ ቆሞ የሚያንቀላፋው የጣቢያ አለቃ፣ ፋኖስ በጅራቷ ያንጠለጠለች ድመት፣ ምሕረት የተደረገላት አንዲት እግር ብቻ ያላት ጃንጥላ፣ ወሬዋን ያላቋረጠችው ናጊ። በየመንገዱም ሣጥኖች ተቀምጠው ነበር፤ በውስጣቸው ሰይፍና ጋሻ፣ የሚፈውስ የሩዝ ድቡልቡል። ማንም ተጫዋች ሣጥን ባየ ቁጥር ዘሎ ይከፍታል። ኪዮታካ ግን፣ በዚያ አገር በመንገድ የወደቀ ጓንት እንኳ ባለቤቱ እንዲያየው አጥር ላይ ይሰቀላል እንጂ ኪስ አይገባምና፣ በተለይ ደግሞ የጠፋ ዕቃ ክፍል ውስጥ ቆመው የሰው ሣጥን መክፈት ሌብነት ነው ብለው፣ አርባ ሦስቱን ሣጥኖች እጅ እየነሡ አለፏቸው። ስለዚህ ከመነሻው የተሰጣቸውን መጥረጊያ ብቻ ይዘው ወረዱ፤ ሐሙስ ዐሥራ አንድ ጊዜ፣ ዓርብ ሃያ ስድስት ጊዜ ተዘርረው፣ በተዘረሩ ቁጥር ናጊን ስላስቸገሩ ይቅርታ እየጠየቁ ተነሡ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስተኛው ደርብ ደረሱ። በዚያም አንዲት ቀይ የሕፃን ጃንጥላ ከግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ አልሸፈተችም። አንድ ጎኗ ተሰብሮ ሰሌን በሚሰፋበት አረንጓዴ ክር ተጠምጥሟል። ናጊም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አለች፦ «ይህችን የጠገናት ሰው ምንም አላለም። ጠዋት ስነሣ ደርቃ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።»

ከሬይዋ በፊት በነበረው በሄይሴይ ዘመን በዐሥራ አንደኛው ዓመት፣ ካናኤ ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ነፋስ የሰበረው አንድ ጃንጥላ በዚያ ቤት ነበር። ኃያሉ ቁልፉን አልተጫኑም። እመቤት ሱሚኤ የረቡዕ ዕለቱ ጨዋነት የተመለሰባቸው መስሏቸው አውራ ጣታቸውን ሲዘረጉ፣ ኃያሉ መቆጣጠሪያውን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«ተዪኝ። እያነበብኩ ነው።»

እሑድም ደረሰ። ካናኤ ጫማዋ ርሶ፣ አንድ ከረጢት የሩዝ ብስኩት ይዛ መጣችና ገበታው አጠገብ ተቀመጠች።

«እሺ አባባ፣ አነበብከው?»

ኃያሉ ወረቀታቸውን ዘረጉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፊደሉ ትልቅ ነው። ያለ መነጽር ይነበባል።»

«ፊደሉን የመረጠው ሌላ ልጅ ነው።»

«ሙዚቃውም…»

«እሱም ሌላ ልጅ ነው።»

«ሰሌኑ ለለቅሶ የተነጠፈ ነው።»

«ለሠዓሊዋ እነግራታለሁ።» ካናኤ ፈገግ ብላ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች። «ይበቃል አባባ። ስላየኸው አመሰግናለሁ።»

ኃያሉ ወረቀቱን አጠፉት። በመጥረጊያ ሠራዊት ያንበረከከው ክንድም ወረቀቱን ወደ ኪስ ከተተው።

«የአራተኛው ደርብ በር ግን… በምንድን ነው የሚከፈተው?»

«የቱ በር?»

«ከታች ያለው። የድንጋዩ።»

ካናኤ ቦርሳዋን እንደያዘች ቀረች። «አባባ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ዋሻው ጋ ሳይደርስ ነው የሚያልቀው።»

«ልጅቱ መች ወሬ አቆመችና።»

«የበሩ መክፈቻ እኮ ከሣጥኖቹ ባንዱ ውስጥ ነው። አልከፈትካቸውም?»

«ባለቤታቸው አልመጣም።»

«ታዲያ በምን ወረድክ?»

«በመጥረጊያ።» ኃያሉ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ዝናቡ ዞሩ። «ሦስተኛው ላይ ትንሽ ቆየሁ።»

ካናኤ ቦርሳዋን ለቀቀችው።

ስለዚህ ይነገር፣ ለልጅ ልጅም ይጻፍ፦ ሠላሳ ሰባት ጊዜ ወድቀው ሠላሳ ሰባት ጊዜ የተነሡት፣ የሰው ሣጥን ያልደፈሩት፣ አንድ ሰዓት አንብብ ቢባሉ አራት ቀን ያነበቡት፣ የጃንጥላዎች ድል አድራጊ፣ የናጊ ወሬ ሰማዕት፣ ሙናካታ ኪዮታካ ከፍ ከፍ ይበሉ፤ ከጥንት ጀምሮ ተቆልፎ የኖረውን፣ ከድንጋዩም በር ይልቅ የጸናውን አፋቸውን በልጃቸው ፊት ከፍተው ይህን ታላቅ አዋጅ አውጀዋልና፦

«መጥፎ አይደለም።»

እመቤት ሱሚኤ ከወጥ ቤት ሆነው፣ ዞር ሳይሉ፣ «እኔ ሠላሳ አራት ዓመት የሚሶ ሾርባ ስሠራለት» አሉ፣ «እዚህ ደረጃ አልደረስኩም።»