ጣሪያው በአድናቆት የተነሣለት ዳስ

ጥላ ሥር መቀመጥ ማንም ያውቃል፤ ጥላ እንዴት እንደሚገኝ ለማወቅ ግን ኮሚቴ ያስፈልጋል። ይህን ጥልቅ እውነት ከሁሉ ቀድሞ የተረዳ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሕንፃዎች ፊት ለፊት ተፋጠው ሲቆሙ፣ መካከላቸው ላይ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ለምለም መስክ አለ። ሠራተኛው ግን ምሳውን የሚበላው ደረጃ ሥር ተጎልቶ ነው፤ መኪና ያለው ደግሞ መሪውን አቅፎ። አመራሩ በዚህ ልቡ ተነክቶ "የተቀናጀ አረንጓዴ የሠራተኞች ማረፊያ ፓቪሊዮን" እንዲሠራ ወሰነ። ዳስ ማለት ነው። ነገር ግን ዳስ ብቻ ለሚባል ነገር ማን ስብሰባ ይቀመጣል?

ንድፉ ለአዲሷ አርክቴክት ተሰጠ። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ስለነበር ነገሩ አጭር ነው፤ ዳሱ ካማረ ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች፣ ካላማረ ዕቃዋን ትሰበስባለች። እናቷ ደግሞ "ልጄ ቋሚ ሆነች" ብለው ለሠፈሩ ሁሉ አስቀድመው አውርተው ጨርሰዋል።

እሷም አራት ምሰሶ፣ ከላያቸው ሰፊ የእንጨት ጣሪያ፣ ከሥሩ መደገፊያ ያላቸው አግዳሚ ወንበሮች፣ እስከ ዳሱም የሚያደርስ የድንጋይ መንገድ ሣለች። የካርቶን ሞዴሉን የስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው አንዲት ዝንብ ወዲያው ከጣሪያው ሥር ገብታ አረፈች። ዝንቧ ኮሚቴ ውስጥ ባለመኖሯ ዳስ ለምን እንደሚሠራ ታውቅ ነበር።

በዚያ መሥሪያ ቤት የባልደረባን አስተያየት አለመቀበል ነውር ነው። የተባለ ነገር ሁሉ፣ የተባለው ምንም ይሁን ምን፣ "በአድናቆት ተቀብለናል" ተብሎ ንድፉ ውስጥ ይገባል። መከባበር ይሉታል።

"ልጄ፣ ግሩም ነው" አሉ ዋና ሥራ አስኪያጁ፣ ሞዴሉን በብዕራቸው ጫፍ እየነካኩ። "ችግሩ ይቺ ጣሪያ ብቻ ናት። የኔ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ቁልቁል ስመለከት ምንድን ነው የሚታየኝ?"

"ጣሪያው፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ።"

"አየሽ፣ ሠራተኛዬን ማየት ሲገባኝ እንጨት አያለሁ። መርሐችን ግልጽነት አይደለም እንዴ?"

"ጣሪያ ከሌለው እኮ ፀሐዩ..."

"ከፀሐይ የበለጠ ግልጽ ነገር ከየት ታመጫለሽ?"

ኮሚቴው ራሱን ነቀነቀ። ጣሪያው በአድናቆት ተነሣ።

ቀጥላ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወንበሮቹን እንደ ተጠርጣሪ አተኩራ አየቻቸው። "የኔ እህት፣ እነዚህ መደገፊያ አላቸው። መደገፊያ ካለ ሰው ይደገፋል። የተደገፈ ሰው ምን ያደርጋል?"

"ያርፋል።"

"ይቆያል" አለች ኃላፊዋ በሐዘኔታ። ስለዚህ መደገፊያው ቀርቶ መቀመጫው ወደ ፊት ትንሽ እንዲያዘነብል ተወሰነ፤ ሠራተኛው ተቀምጦም ቢሆን ልቡ ወደ ሥራው እንዲያዘነብል።

በመጨረሻ የግቢ ውበት ኃላፊው ተነሣ። መላጣ ሰው ነው፤ የቀረውን የፀጉር ፍቅሩን ሁሉ ለሣሩ ሰጥቶታል።

"መንገድ ሣር ይበላል" አለ።

"እሺ፣ መንገዱ ይቅርና በሣሩ ላይ ይሂዱ" አለች አርክቴክቷ።

"ሣር መርገጥ ክልክል ነው።"

"ታዲያ ሰው በምን ይደርሳል?"

"እሱ የእናንተ የቴክኒክ ሰዎች ጉዳይ ነው" ብሎ ተቀመጠ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። እዚህ ግን ሃምሳው ሰው ሎሚውን ጨምቆ ጠጥቶ ቅርፊቱን ለአንዷ አሸከማት። ከንድፏ የተረፉት አራቱ ምሰሶዎች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም የተረፉት ምን እንደሚሸከሙ የጠየቀ ስላልነበረ ነው።

ቤት ስትገባ እናቷ "እህስ፣ ቋሚ ሆንሽ?" አሏት።

"ጣሪያውን አነሡት፣ እማዬ።"

"ጣሪያ ከሌለው ምኑን ዳስ ሆነ?"

"አሁን ፓቪሊዮን ነው።"

"እንደሱ በይኝ" አሉ እናቷ፤ ጎረቤት ቢጠይቅ የሚመልሱት አገኙ።

የምረቃው ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ሣር ስለማይረገጥ ብሎኬት ላይ ሳንቃ ተጋድሞ፣ ክቡራን እንግዶች በማዕረግ ቅደም ተከተል አንድ በአንድ፣ እጃቸውን እንደ ገመድ ተራማጅ ዘርግተው ተሻገሩ። ሥራ አስኪያጁ ግን አስተዋይ ናቸው። እንግዳ ፀሐይ ላይ አይቀመጥም ብለው በማለዳ ሸራ ተከራይተው ነበር። ካስማ ሣሩን እንዳይወጋ ገመዱን አራቱ ምሰሶዎች ላይ አሳሰሩት።

አርክቴክቷ ቀና ብላ ስታይ አራት ምሰሶ፣ ከላያቸው ሰፊ ጥላ። የገዛ ንድፏ ቆሟል። ሳቋን በመዳፏ አፈነች።

ሥራ አስኪያጁ ከሸራው ሥር ሆነው ስለ ግልጽነት ንግግር አደረጉ። እንግዶቹ ወንበሩን ጥርቅም አድርገው ይዘው አዳመጡ። ለማጨብጨብ እጃቸውን ሲያነሡ ግን መጀመሪያ የፊተኛው መደዳ፣ ከዚያም የኋለኛው፣ በሥርዓት ወደ መሬት ተንሸራተተ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ይህ በየትም ያልታየ የሥራ ተነሣሽነት መሆኑን አስረዳች።

"ልጄ፣ ይህ ጥላ እንዴት ደስ ይላል" አሉ ሥራ አስኪያጁ አርክቴክቷን ጠርተው። "ግን አንድ ነገር አሳዘነኝ። ንድፍሽን ባየው ባየው፣ የለበትም።"

"ዳስ ነድፎ ጣሪያ መርሳት" አለች የሰው ኃይል ኃላፊዋ፣ "የኔ እህት፣ ለሙከራ ሠራተኛም ቢሆን ይከብዳል። ቋሚ ልናደርግሽ አንችልም።"

አርክቴክቷ የኮሚቴውን አባላት ተራ በተራ አየቻቸው። ሁሉም አንጋጠው ሸራውን ያደንቃሉ። ልትቆጣ አፏን ብትከፍት የወጣው ሳቅ ሆነ፤ ያውም እንባ የሚያስፈስስ። ሥራ አስኪያጁ የጸጸት ለቅሶ መስሏቸው "አይዞሽ" አሏት።

እዚያው ስለ ጣሪያ አስፈላጊነት የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ። አጀንዳው ገና ሳይጸድቅ የሸራው ባለቤቶች የኪራይ ሰዓቱ አልቋል ብለው ገመዱን ፈትተው፣ ጠቅልለው ሄዱ። ስብሰባ አይቋረጥምና ውይይቱ በፀሐይ ቀጠለ።

አርክቴክቷ ዕቃዋን በከረጢት ይዛ ስትወጣ፣ ሥራ አስኪያጁ መሐረባቸውን አናታቸው ላይ ዘርግተው ጠሯት።

"ልጄ፣ ጃንጥላ ይኖርሽ ይሆን?"

"አለኝ፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ" አለች፣ እየዘረጋችው። "ችግሩ ግን ጣሪያ አለው።"