ጎረቤቶቼ ሰልችቷቸዋል

እኛ አገር ሰው ጥያቄ ሲጠየቅ የሚያስበው ስለ መልሱ አይደለም፤ ስለ ጠያቂው ነው። ይኼ ሰው ምን ብለው ደስ ይለዋል? ምን ብለው ቅር ይለዋል? ጨው የበዛበትን ወጥ በልቶ "እጅሽ ይባረክ" ብሎ በሚነሣ ሕዝብ መካከል መጠይቅ መበተን ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ ርእስ "ተከታታይ ድራማ ተመልካችን ለምን ይሰለቸዋል?" የሚል ነበር። ዛሬ መቼም ድራማው ጎርፍ ነው፤ በቴሌቪዥን ያመለጠው በስልክ ይጠብቃል፤ ክፍል መቶ ላይ ተደርሶም ልጅቷ አባቷን አላወቀችም። ሰው እንዴት አይሰለቸው? ብዬ ተነሣሁ። ተነሥቼም አልቀረሁ፣ በሁለት ዓመት የሚያልቀውን ትምህርት አራተኛ ዓመት ላይ አደረስኩት። በመጨረሻ ትምህርት ክፍሉ "በዚህ ሰኔ ካላስረከብክ ተሰናብተሃል" የሚል ደብዳቤ ሰጠኝ። እንደ እኔ ኮተቤ ውስጥ ሲያስተምር የሚውል፣ ተማሪዎቹን "የቤት ሥራ በጊዜው!" እያለ የሚቆጣ ሰው ከዚህ የባሰ ምን ውርደት ይመጣበታል?

ስለዚህ መጠይቄን ለሰፈሬ ሰው አደልኩ። እግዜር ይስጣቸው፣ አንድም እምቢ ያለኝ የለም። ግድግዳ የምንጋራው እትዬ አስካለ፣ ሾላ ገበያ በርበሬ የሚሸጡት፣ የራሳቸውን ሞልተው የደንበኞቻቸውንም አስሞልተው በበርበሬ ፌስታል ጠቅልለው አመጡልኝ። እያስነጠስኩ አየሁት። ውጤቱ ግሩም ነበር፦ ሁሉም ሰልችቷቸዋል! ሁሉም አቋርጠዋል!

አማካሪዬ ግን ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርገው መነጽራቸውን አወለቁና፣ ይኼ ሁሉ ሰው ከሰለቸው ድራማውን ማነው የሚያየው? አሉኝ። እንደገና ሂድና ጠይቅ፤ ያለህ ሦስት ሳምንት ነው፣ ብለው ሸኙኝ።

በቀጥታ ሾላ ሄድኩ። "ጨርሶ አቋርጫለሁ" በሚለው ላይ ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ ምልክት ያደረጉት እትዬ አስካለ፣ ስልካቸውን ሚዛኑ ላይ አስደግፈው ድራማቸውን ያያሉ። ጎናቸው ላለችው ሽንኩርት ሻጭ ደግሞ ትናንት መብራት ጠፍቶባት ያመለጣትን ክፍል ይተርኩላታል። ሲያዩኝ ደንግጠው ስልኩን በርበሬው ውስጥ ቀበሩት። የድራማው ልጅ ግን ከበርበሬው ሥር ማልቀሷን ቀጠለች።

እትዬ፣ ምነው እንዲህ ዋሹኝ? አልኳቸው። እሳቸው ከእኔ ብሰው ተቆጡ። አንተ "ለምን ሰለቸዎት?" ብለህ ጽፈህ መጥተህ፣ "ኧረ እኔ አልሰለቸኝም" ብዬ ላስወድቅህ ነው እንዴ? ከዕድር ስብሰባ በኋላ ሁላችንም ተመካክረን ነው፣ ልጁ ይመረቅ ብለን ነው፣ አሉኝ።

ንዴቴ እዚያው ጠፋ። አንድ ሰፈር ሙሉ ለአንድ ሰው ብሎ ሲዋሽ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጥናቴን ገደል ከተቱት፤ እኔ ግን በሕይወቴ የዚያን ቀን ያህል መወደዴን ያወቅኩበት ጊዜ የለም።

እንግዲያው አሁን እውነቱን ይንገሩኝ፣ የሰለቸዎት ተከታታይ የለም? አልኳቸው። ግራ ቀኝ አይተው፣ አንድ አለ፣ አሉ። የትኛው? ስል፣ ያንተ ትምህርት፣ አሉኝ። በየዓመቱ ሊያልቅ ነው ይባላል፣ አያልቅም። እንድትመረቅልኝ ብዬ ለእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የተሳልኩትን ጃንጥላ ከገዛሁት ስንት ጊዜዬ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ብል ሊበላው ነው።

ታዲያ ለምን አላቋረጡም? አልኳቸው። እንዴት ይቋረጣል? የማውቀው ሰው አለበት እኮ፣ አሉኝ።

አራት ዓመት መጽሐፍ ውስጥ ያጣሁትን በርበሬ ተራ አገኘሁት። ያቺን መልስ ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ፤ አሁን ሰው ሁሉ እውነቱን ነገረኝ። ይሰለቸናል፣ ግን ልጅቷን ለምደናታል፤ አባቷን ሳታገኝ ጥለናት ወዴት እንሄዳለን? አሉ። ጽሑፌን በሰኔ አስረከብኩ፤ አለፍኩ።

የስለቱ ቀን ሰፈሩ ሚኒባስ ተኮናትሮ እንጦጦ ወጣን። ጃንጥላውን የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ። ስንመለስ ሚኒባሱ ባሕር ዛፉ መሀል ሲወርድ፣ ስላስረዘምኩባችሁ ይቅርታ፣ ስላላቋረጣችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተናገርኩ፤ እንባዬም መጣ። እልል ተባለ። እልልታው ጋብ ሲል እትዬ አስካለ ከፊት ወንበር ዞር ብለው፣ ለመሆኑ ዶክትሬት የሚሉት መቼ ነው የሚጀምረው? አሉኝ።

ሚኒባሱ በሙሉ አዛጋ። "ወራጅ አለ" ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም።