ክብርት ሐኪምና የዓሣ ዘይታቸው

የሕክምና ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠ ሐኪም የሌለበት ቤት የለም። ይህ ሐኪም ነጭ ጋውን አይለብስም፣ ወረፋ አያስይዝም፤ በሽተኛውን ደረጃ ላይ አድብቶ ይይዘዋል።

በዚህ ፎቅ ሥልጣኑን የያዙት ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት የጨረሱ እናት ናቸው። ጎረቤቱ «ክብርት ሐኪም» ይላቸዋል። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው የባንክ ሠራተኛ ናት። እሷን የሰቀቀን ኑሮ ውስጥ የከተታት እውነተኛው ሐኪም ነው፤ ደምዎ ውስጥ ስብ በዝቷል ብሎ ለእናቷ የዓሣ ዘይት እንክብል አዘዘ። ታማሚ ሆነው የገቡት እናት ስፔሻሊስት ሆነው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ጉልበቱን ለሚያመውም፣ ስም ለሚጠፋበትም፣ እንቅልፍ እምቢ ላለውም አዛውንት ማዘዣቸው አንድ ሆነ። «ስፌት መኪና እንኳ ዘይት ካላገኘ ይንቋቋል» ይላሉ፤ ክርክሩ በዚያው ይዘጋል። ምድር ቤት ያሉት ጡረተኛ ሾፌር ደም ማቅጠኛ ስለሚወስዱ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ እንደማይነኩት ቢናገሩ፣ ክብርት ሐኪም ተቀይመው ሰላምታ ነሷቸው። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ሟቹ ዘይቱን ይወስድ እንደነበር ሲጠይቁማ፣ ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሁለተኛው የደም ምርመራ ሲመጣ ስቡ ጭራሽ ብሶ ተገኘ። ሐኪሙ መድኃኒቱን በትክክል ይወስዱ እንደሆነ ጠየቀ። ክብርት ሐኪም ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ልጅቷ ግራ ገባት፤ ብልቃጡ ባለቀ ቁጥር የምትገዛው እሷ ናት።

በማግስቱ ጠዋት ለሥራ ለብሳ ወጥ ቤት ብትገባ፣ እናቷ መነጽራቸውን አጥልቀው እንክብሎቹን በስፌት መርፌ እየበሱ ዘይቱን ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ይጨምቃሉ። ልጅቷ ስንት ጊዜ ምሳዋ ዓሣ ዓሣ ሸትቷት የምግብ ዘይቱን ቀይራለች፣ ባለሱቁን ሳይቀር ተጣልታዋለች።

«እማዬ፣ ይሄ ላንቺ የታዘዘ አይደል እንዴ? ራስሽን ልትገድዪ ነው?»

እናትየው መርፌውን ሹራባቸው ላይ ሰኩ። ደረጃውን የሚያናጋው ድምፃቸው የት እንደገባ እንጃ።

«አባትሽን ልቡ የገደለው በአሁኑ ዕድሜሽ ነው» አሉ። «እኔ ዕድሜ ጠግቤያለሁ፣ ልጄ። አንቺን መቅበር ግን አልችልም።»

ልጅቷ የአባቷን ዕድሜ መድረሷን ራሷ እንኳ ልብ ብላው አታውቅም። አንድ እንክብልና ውሃ አቀረበች፤ ክብርት ሐኪም ያለ ክርክር ዋጡ። ምላሳቸውን ካላየች የማታምናቸው ይመስል አፋቸውን ከፍተው አሳዩ።

ልጅቷ የዚያን ቀን ባንክ አልገባችም፤ ልቧን ልታስመረምር ሄደች። ምርመራ ክፍሉ ደጃፍ ተራዋን ስትጠብቅ ምሳ ዕቃዋን ከፈተች። ሩዙ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። አንዲት ፍሬ ሳታስቀር በላችው።