ታኮ ላደርግ ነው የወረድኩት

ወገን፣ ዛሬ በገዛ አገሬ ላሊበላ፣ ለዚያውም ባጃጅ ውስጥ ተዋረድኩ! ያዋረደችኝ ሴት ጸጉሯ እንደኔው ሸብቷል። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

ምን እንዳለችኝ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ወደ ደርግ ዘመን ልመልሳችሁ። ፌስቡክ ያስለመደችኝ የልጅ ልጄ "አሳጥረው" ብላኛለች፤ እሞክራለሁ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። መኪና ነበረኝ! ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ለሩጫ የተሠራች ስፖርት መኪና። ሾፌሩ የነበርኩለት ፈረንጅ አገር ለቆ ሲወጣ ትቶልኝ ነው የሄደው። ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም። በላስታ ኮረኮንች እሷን መንዳት ማለት ግማሹን ቀን ከመንገድ ላይ ድንጋይ መልቀም ነበር።

ችግሯ ፍሪሲዮኗ ነው። ሸራው አልቆ ይንሸራተታል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሰማውም። ዳገት መሀል ከቆምኩ ድጋሚ አትነሳም። ስለዚህ ዳገት ላይ አልቆምም።

ለማንም!

ይኼ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? በበቅሎ የሚሄድ ሰው እንኳ ትልቅ ሰው ሲያይ ወርዶ እጅ ይነሳል። እኔ ግን ካህኑንም ሽማግሌውንም አቧራ አልብሼ፣ በመስኮት አንገቴን ሰበር አድርጌ አልፍ ነበር። "ካድሬ ሆነ" ተባልኩ።

አንድ ቀን አቧራ ያለበስኳቸው ሰው መሪጌታ ወርቁ ሆኑ። የአልጋነሽ አባት! አልጋነሽን ለማግባት ሽማግሌ የላክሁት ደግሞ በዚያው ሳምንት ነው።

መልሳቸው አጭር ነበር። "ለእኔ ያልቆመ ለልጄ ይቆማል?"

ሽማግሌዎቹ ተንበርክከው አንድ ዕድል ለመኑልኝ። መሪጌታም "እስቲ እናየዋለን" አሉ።

እየተንፏቀቅኩ ጋሸና ሄድኩ። እዚያ የጭነት መኪና የሚጠግን ግርማ የሚባል መካኒክ ነበር። ካምቢዮውን አወረደና፣ በጭነት ሾፌር ከጅቡቲ ያስመጣውን የውድድር መኪና ፍሪሲዮን ገጠመልኝ። ኦርጂናሉ አጠገቡ ቢቀመጥ ያፍራል!

"ስማኝ ወንድሜ" አለኝ ግርማ፣ "ይቺ መሀል የላትም። ወይ ትይዛለች፣ ወይ ትለቃለች። ዳገት ላይ ሳትለማመድ ሰው እንዳትጭን። የእጅ ፍሬንህም ሽቦው ተበጥሷል፤ የዛሬ ሳምንት ና፣ እሠራልሃለሁ።"

የዛሬ ሳምንት! ልጅቷን ሌላ ይውሰዳት?

በማግስቱ መሪጌታ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ የገነተ ማርያም ዳገት መሀል ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ቀጥ አልኩላቸው። ሞተር አጥፍቼ፣ ማርሽ ውስጥ ትቼያት ወረድኩ። ጉልበት ሳምኩ። በር ከፈትኩ። መሪጌታ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው በክብር ተቀመጡ። አልጋነሽ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ፈገግ አለችልኝ።

ያቺን ፈገግታ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ሞተር አስነሳሁ። ፍሪሲዮኑን ለቀቅ አደረግኩ።

መኪናዋ እንደ ፍየል ዘለለች! የመሪጌታ ጥምጥም ጣሪያውን መትቶ ዓይናቸው ላይ ወረደ። ሞተሩ ጠፋ። እኔም ደንግጬ ፍሬን መርገጥ ሲገባኝ ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ። ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን። ከኋላችን ገደል ነው።

በሩን ከፍቼ ዘለልኩ።

ብቻዬን!

እግሬ ከፔዳሉ ሲነሳ ያ የውድድር ፍሪሲዮን ያዘና መኪናዋ ቀጥ አለች። አያችሁ? ዕቃው ጥሩ ነበር። ያልያዝኩት እኔ ነኝ።

መሪጌታ ጥምጥማቸውን ከዓይናቸው ቀና አድርገው መንገድ ላይ ቆሜ አዩኝ።

"አባቴ፣ ጎማው ሥር ታኮ ላደርግ ነው የወረድኩት!"

እጆቼን አዩ። "ድንጋዩስ?"

ባዶ እጆቼን ከኋላዬ ደበቅኩ።

"ልጄ፣ ስትሄድ አትቆምልኝም፤ ስትቆምልኝ ደግሞ ጥለኸኝ ትሄዳለህ።" ወርደው በእግራቸው ሄዱ። አልጋነሽም ተከተለቻቸው። በዓመቱ ለሌላ ተዳረች።

አርባ ዓመት ሙሉ "ታኮ ላደርግ ነው" እያልኩ ማልኩ። ለሚስቴ ሳይቀር! ዛሬ እውነቱን ልጻፈው። ድንጋይ አልፈለግኩም። ድንጋይ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩም ትዝ አላለኝ። አንድ ሽማግሌ ገደል አፍ ላይ ትቼ ነው የሸሸሁት። አፍራለሁ።

እና ዛሬ ባጃጁ የኮብልስቶኑ ዳገት መሀል ላይ አቃሰተ። ሾፌሩ ዞሮ "አንድ ሰው ቢወርድልኝ ይወጣል" አለ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። አልጋነሽ!

"እሳቸው ይውረዱ" አለችው፣ ረጋ ብላ። "ልምድ አላቸው።"

ወረድኩ። ግን ዓይኔ ወዲያው ድንጋይ ፈለገ። አንድ ትልቅ አገኘሁና በሁለት እጄ ታቅፌ ወደ ጎማው ዞር ስል፣ ባጃጁ ዳገቱን ጨርሷል።

ድንጋዬን ይዤ መንገድ መሀል ቆሜ ቀረሁ። እስቲ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ፤ አርባ ዓመት የዘገየ ታኮ ይቆጠርልኝ ይሆን?