ትንሽ ይዘገያል

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ አልተናገርኩም፤ ሌሎቹን ኃጢአቶቼን በዝርዝር አቅርቤ እሱን ነጠላዬ ሥር አስቀረሁት። ለባሌ አልተናገርኩም። ለአማቴማ ጭራሽ! አሁን የምጽፈውም ሁለቱም እንደማያነቡት ስለማውቅ ነው። ባሌ ከርዕስ አያልፍም፤ አማቴም መነጽራቸውን የሚያደርጉት ለዳዊት ብቻ ነው።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እኛ ክፉ ወሬ መናገር እንችልበታለን? እዚህ አሜሪካ ሰው ከሥራው መባረሩን በኢሜይል፣ በሽታውን በስልክ ይሰማል፤ ነጋሪውም ነግሮ ሲያበቃ መልካም ቀን ተመኝቶለት ይዘጋል። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ እንደ ሙሽራ አጃቢ ይፈልጋል። ሰዓት ይመረጥለታል፣ ሽማግሌ ይመረጥለታል፣ ጎረቤት ይሰበሰብለታል። "ትንሽ አሞታል" ተብሎ ይጀመራል፤ ያ ትንሽ ያመመው ሰው ግን ከተቀበረ ሳምንት አልፎታል። ይህን ውሸት ብሎ የሚጠራው የለም። እኔም ውሸት አላልኩትም፤ ቢያንስ እስከዚያች ዓርብ ድረስ።

እኔ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል እንኳ ዓይን አፋር ተብዬ የተለየሁ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፌን ያቀረብኩት ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ነው፤ ከፈታኞቹ አንዱ "ልጄ፣ የምታስረጂው እኛን ነው ሰሌዳውን?" ብለውኛል። ዲቪ ደርሶኝ መጥቼ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ አካባቢ ከገባሁ በኋላ ያገኘሁት ሥራ ኤርፖርት ውስጥ አረጋውያንን በዊልቸር መግፋት ነበር። ዘመዶቼ በዲግሪዬ አዘኑ። እኔ ግን በልቤ ደስ አለኝ። ዊልቸር ገፊ የምትቆመው ከሰው ጀርባ ነዋ! ፊት ለፊት ማንንም ሳላይ ሁለት ዓመት ሠራሁ።

ታሪኩ የሆነው በጥር መጨረሻ፣ ሰኞ ሁዳዴ ሊያዝ ዓርብ ዕለት ነው። ቴሌቪዥኑ ከማክሰኞ ጀምሮ "ትልቅ በረዶ እየመጣ ነው" እያለ ስላስፈራራ፣ ሕዝቡ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ያለውን ዳቦና ወተት ጠራርጎ ወስዷል። ዳቦው ይሁን፤ ወተቱ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በረዶ ሲመጣ አሜሪካ ሁሉ ጥጃ ይሆናል እንዴ?

ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ለአዲስ አበባው በረራ ሁለት ሰዎች ተሰጡኝ። አንደኛው ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በመንገድ ሥራ የጨረሱ፣ ዊተን ከልጃቸው ጋር ከርመው የሚመለሱ፣ ረጅም ካፖርት የለበሱ ሰው። በመስታወቱ አሻግረው የበረዶ መጥረጊያ መኪናዎቹን እያዩ "ይሄ ሰውዬ ግሬደር ነድቶ አያውቅም፤ ምላጩን አጋድሎ እኮ ነው የያዘው!" እያሉ ይናደዱ ነበር። እውነትም መኪናዎቹ ተራ ገብተው ማኮብኮቢያውን ጠርገው ጫፍ ሲደርሱ፣ የጀመሩበት እንደገና ነጭ ሆኖ ይጠብቃቸዋል።

ሁለተኛዋ እማማ ዘነበች ናቸው። ስማቸው ራሱ ዘነበች መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ሲጨንቀኝ ጥፋቱን ሁሉ በስማቸው ላይ ማላከክ ቃጥቶኝ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ወንድ ልጃቸው ዘንድ ስድስት ወር ተቀምጠዋል። ልጃቸው ዳንኤል ላጤ ትራክ ነጂ ነው፤ እኔ ሳልደርስ ከመግቢያው ላይ ስሟቸው ጭነቱን ይዞ ወደ ኦሃዮ ሄዷል። ስልካቸውንም "ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል" ብለው መልሰውለታል።

እማማ ዘነበች ጭናቸው ላይ አንድ ካርቶን ታቅፈዋል። ከፍተሻው እስከ መሳፈሪያው ጌት ስገፋቸው ካርቶኑን አምስት ጊዜ ከፍተው አሳይተውኛል። ነጭ የሙሽራ ጫማ ነው፤ ሠላሳ ሰባት ቁጥር። የመጨረሻ ልጃቸው እሑድ ታገባለች። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ጠጁ ተጥሏል፣ የሚቀረው እናትና ጫማ ነው። ሰኞ ጾም ስለሚገባ እሑድ ካላገቡ እስከ ፋሲካ መጠበቅ ነው። አውሮፕላኑ ማታ አንድ ሰዓት ተነስቶ ቅዳሜ ማታ ያደርሳቸዋል። ጫማውን ለሻንጣ አላመኑትም፤ "ሻንጣ ይጠፋል፣ እኔ አልጠፋም" አሉኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከመስኮቱ ማዶ አንዱን አውሮፕላን በትልቅ ቧንቧ ብርቱካንማ ፈሳሽ ይረጩት ጀመር። እማማ ዘነበች አማትበው "ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው እንዴ የሚያጠምቁት?" አሉ። ጋሽ ደምሴ ሳቁባቸው፤ ክንፉ ላይ የተጋገረውን በረዶ ማቅለጫ ነው ብለው አስረዷቸው። እሳቸው ግን አልተሸነፉም። "ታዲያ ይጠመቅ፣ ምን ይጎዳዋል!" አሉ። የተጠመቀውም አውሮፕላን ከቆመበት ንቅንቅ ሳይል እንደገና ነጭ ለበሰ።

ልክ አስር ሰዓት ላይ የጌቷ ሠራተኛ ማይክሮፎኗን አንስታ በእንግሊዝኛ ተናገረች። በረራው ተሰርዟል። ነገም የሚነሳ የለም። ቤታችሁ ቅርብ የሆነ አሁኑኑ ሂዱ፤ የመጨረሻው አውቶቡስ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ይነሳል፣ ከዚያ መንገዱ ይዘጋል። እንግሊዝኛ የሰማ ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ሮጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ በቋንቋሽ ለሰዎችሽ ንገሪያቸው ብላ ማይክሮፎኑን ሰጠችኝ።

ማይክሮፎን! ለእኔ! እባብ እንደያዘ ሰው በሁለት ጣቴ ይዤ ቆየሁና መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስተኛሁት። ለነገሩ የሚነገራቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሄጄ በጆሯቸው እነግራቸዋለሁ አልኩ። ጋሽ ደምሴ ወደ ሽንት ቤት ሄደው ነበር። እማማ ዘነበች ፊት ተንበረከክሁ። የጫማውን ተረከዝ በነጠላቸው ጫፍ እየወለወሉ "ምን ትላለች ልጅቷ?" አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። "ተሰርዟል" ማለት እኮ አምስት ፊደል ነው። እንግሊዝኛውን ከሆነ በቀን አስር ጊዜ እለዋለሁ፤ የእኔ አይደለማ። አማርኛው ግን አልወጣ አለኝ። እጃቸው ተረከዙ ላይ ነበር።

"ትንሽ ይዘገያል እማማ" አልኳቸው።

"በምን ምክንያት?"

"በበረዶ።"

"እሱማ አሁን ያባራል!" አሉና ጫማውን ወደ ካርቶኑ መለሱ።

እዚህ ላይ ቋንቋችንንም ልክሰስ። ሰኔ ላይ ቆርቆሮ ደብድቦ በሩብ ሰዓት የሚያባራውም በረዶ፣ አሜሪካን ለሳምንት ቤት የሚያስቀምጠውም በረዶ! አንድ ሌላ ቃል ቢኖረን ኖሮ እማማ ዘነበች ይደነግጡ፣ እኔም እግረ መንገዴን እውነቱን አወጣው ነበር። ሰበብ ፍለጋ ነው አይደል? አዎ፣ ሰበብ ፍለጋ ነው።

ሠላሳው ደቂቃ አለፈ። አውቶቡሱ ሄደ። መንገዱ ተዘጋ። ምስጢሬ እንግዲህ ይኸው ነው። ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ እማማ ዘነበች ሲልቨር ስፕሪንግ ባይደርሱ እንኳ ላንድማርክ እኔ ቤት፣ አልጋዬ ላይ ያድሩ ነበር። በእኔ አንዲት ቃል ምክንያት የሰባ ዓመት ሴት ኤርፖርት አግዳሚ ላይ ሊተኙ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ደግነቴን ልታዩት ይገባ ነበር። ብርድ ልብስ ፈልጌ አመጣሁ። ምግብ ቤቶቹ ያላቸውን ሸጠው ሳይጨርሱ ተሰልፌ ሻይና ብስኩት ያዝኩ። ለሺፍት የያዝኩትን የሱፍ ካልሲ እግራቸው ላይ አጠለቅሁ። እሳቸውም በየካልሲው፣ በየሻዩ ይመርቁኛል፤ በተመረቅሁ ቁጥር አጥሬ አጥሬ ወለሉ ላይ ልቀር ምንም አልቀረኝም። በየመሐሉ "አላባራም እንዴ?" ይሉኛል። "ትንሽ ነው የቀረው" እላለሁ። ከመስኮቱ ማዶ የአውሮፕላኖቹ ጎማ ከተዋጠ ቆይቷል።

ጋሽ ደምሴ በምልክት ጠርተው ወደ ዳር ወሰዱኝ። "አንቺ ልጅ፣ ቀይ ቀለም አይነበብም መሰለሽ?" አሉኝ። የበረራውን ሰሌዳ ከሽንት ቤት ሲመለሱ አይተውታል፤ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም ብላቸው፣ ካፖርታቸውን አስተካከሉና "እኔ ድልድይ ሰባሪ አይደለሁም፣ ድልድይ ሠሪ ነኝ" አሉ። ወደ ልጃቸው ቤት ለምን አልተመለሱም? እሱማ አይሞከርም! ትናንት ዊተን ያለ አበሻ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ዳግም አንገናኝ ይሆናል ተባብለው ተላቅሰው ተሸኝተዋል። "ዛሬ በምን ፊቴ በሩን አንኳኳለሁ? ያን ሁሉ እንባ ልመልስላቸው?"

ሁለት ፈሪዎች ተቀምጠን ተማከርን። በመጨረሻ ጋሽ ደምሴ ፈረዱ፤ ክፉ ወሬ በጠዋት ነው የሚነገረው፣ ያውም ባዶ ሆድ ሳይሆኑ፣ ያውም ሦስት ሰው ሆኖ ነው አሉ። እንደ ወጉ ይሁን ተባብለን ተለያየን።

በማግስቱ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ነጠላ ስላልያዝኩ ጥቁር ሻርፔን ተከናነብኩ። ጋሽ ደምሴ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዙ። ሦስተኛ ሰው አጥተን የኤልሳልቫዶሯን የጽዳት ሠራተኛ በምልክት ለመንናት፤ መወልወያዋን እንደያዘች መጥታ ከጎናችን ቆመች። ሻይ አቅርበን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ሦስታችንም እስኪነቁ ጠበቅን።

እንግዲህ የእማማ ዘነበችን ዓይን አስቡት። ከእንቅልፋቸው ሲነቁ ገና ጎህ ሳይቀድ ሦስት ሰው አንገቱን ደፍቶ ፊታቸው ቆሟል። አንዱ ባርኔጣውን አውልቋል፣ አንዷ ጥቁር ተከናንባለች። በሰባ ዓመት ዕድሜያቸው ይህ አቋቋም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ቀርተዋል?

ሻዩ ተገለበጠ። "ዳንኤልን ነው!" ብለው ጮኹ። "ልጄን ነው! በዚህ በረዶ መኪናውን... ንገሩኝ!" ሻሻቸውን ፈተው ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። የኤልሳልቫዶሯ ሴት አማተበች፤ አብራቸውም ታለቅስ ጀመር።

በሕይወቴ ጮኼ የማላውቀው እኔ ጮኽሁ። "አውሮፕላኑን ነው እማማ!"

ባሰብኝ። "አውሮፕላኑ ተከሰከሰ?"

"አልተነሳም!"

"ካልተነሳ ከየት ወደቀ?"

"ተሰርዟል!" አልኩ። ወጣልኝ። "በረዶው ነው፣ ዳንኤል ምንም አልሆነም፣ ማንም አልሞተም፣ በረራው ተሰርዟል!"

እማማ ዘነበች እጃቸው አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ እልል አሉ። ኤርፖርቱን የሞላው እልልታ ወለል ላይ የተኛውን መንገደኛ ሁሉ ቀሰቀሰ፤ አንድ ፖሊስ እየሮጠ መጣ። በረራ ተሰርዞበት እልል ያለ ሰው ከዚያ በፊት አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ጋሽ ደምሴን ሳሙ፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ሳሙ፣ እኔን ሦስቴ ሳሙ።

ትንሽ ቆይተው "መቼ ሰረዙት?" አሉኝ።

"አሁን ነው እማማ። አሁን ገና ነው የተነገረን።"

ጋሽ ደምሴ ሳላቸው መጣ። ያንን ሳል ከነምስጢሩ ይዘውት አልፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር።

በቃላቸው የሚያውቁት የአዲስ አበባ ቤታቸውን ስልክ ብቻ ነው። በእኔ ስልክ ደወልን። ዳንኤል ከኦሃዮ ደውሎ በደህና መድረሱን ሙሽራዋ ነገረችን፤ እናቱ ሰማይ ላይ ያሉ መስሎት ተኝቷል። ከዚያ እማማ ዘነበች ለሙሽራዋ እሳቸው እንደማይደርሱ ነገሯት፤ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ዙሪያ ጥምጥም፣ በአንድ ትንፋሽ። "ጫማ እዚህም አለ እማዬ፣ አንቺ ነሽ የሌለሽው" ስትል ሰማኋት። መረቋት፤ ረጅም ምርቃት ነበር። ስልኩን መልሰውልኝ ሲያበቁ ሁለተኛውን ለቅሶ አለቀሱ። ያኛው ድምፅ አልነበረውም። ካርቶኑን አቅፈው ወደ መስኮቱ ዞረው ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከጎናቸው ተቀመጥሁ፤ እጃቸውን ያዝሁ፤ አሁን ልንገራቸው አልኩ፤ አፌንም ከፍቼ ነበር።

እሳቸው ቀደሙኝ። እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ከራሴ ጀምረው ቁልቁል አዩኝ። "ካልሲሽን አጠለቅሽልኝ፤ እንደ ልጄ ነው ያደርሽልኝ። ለመሆኑ አግብተሻል?" አሉ። ጭንቅላቴን በአሉታ ነቀነቅሁ። ካርቶኑን ከፈት አድርገው ጫማውን ተመለከቱት፤ ቀጥሎ እግሬን ተመለከቱት።

"ስንት ቁጥር ነው የምታደርጊው?"

እኔ የማደርገው ሠላሳ ስምንት ነው። አንገቴን ደፋሁና "ሠላሳ ሰባት" አልኳቸው።