ድሩ የማን ነው?

ስብሰባ የሚወድ ሰው ተረት ሳይሰንቅ አይመጣም። በዘጋቢነት በኖርኩበት ዘመን የተገኘሁበት ስብሰባ ሁሉ፣ የእድርም ይሁን የመሥሪያ ቤት፣ መዝጊያው ላይ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሳይል አልተበተነም። እኛም እናጨበጭባለን። የታሰረ አንበሳ ግን አላየሁም። ያየኋቸው እስረኞች ሌሎች ናቸው፤ እሱን እንተወው።

ጡረታ ስወጣ ነገርን ቀርቦ የማየት ልማዴ አልለቅ አለኝና ማክሮ የሚባለውን፣ የዝንብ ዐይን የብርቱካን ያህል አጉልቶ የሚያሳየውን ሌንስ ገዛሁ። ቤቴ ከቀበና ወንዝ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። የክረምቱ ጭጋግ ሲለቅ በግራዋውና በጽጌረዳው መካከል ሸረሪቶች ድራቸውን ይዘረጋሉ። እኔም ተንበርክኬ እጠብቃለሁ። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ጸሎት ላይ ያለሁ መስሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያልፉ ነበር። እውነቱን ሲያውቁ ሳቃቸውን ከፍ አድርገው ማለፍ ጀመሩ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ሸረሪት የያዘችውን አታኝክም። ንብ ድሩ ላይ ስትወድቅ ሮጣ ትደርስና በክር ትገንዛታለች፤ ትነክሳታለች፤ ከዚያ ትጠብቃለች። የንቧ ሆድ ዕቃ ወደ ፈሳሽ ሲለወጥ ትጠጣዋለች። የሚቀረው ከነክንፉ፣ ከነእግሩ የደረቀ ቅርፊት ነው። ከሩቅ ላየው ሙሉ ንብ ነው፤ ውስጡ ግን ባዶ። ማበር የሚባል ነገርም አልገጠመኝም። ሁለት ሸረሪቶች አንድ ድር ላይ ሲገናኙ ብዙም ሳይቆይ አንዷ ብቻ ትቀራለች።

ይህን ግኝቴን መጀመሪያ የነገርኩት ለጋሽ ቶማ ነው። ጋሽ ቶማ በልጅነታቸው ከጨንቻ መጥተው፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው ሸማ ሲሠሩ የኖሩ የአጥር ጎረቤቴ ናቸው። የሠሩትን ነጠላ ልጃቸው ምሕረት በቴሌግራም ትሸጥላቸዋለች። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከዚያ ጉድጓድ በቀር የሚሄዱበት የላቸውም። ምሕረት ግን «አባዬ፣ ዐይንህ የደከመ ቀን ሥራው ያበቃል» ብላ ቆርጣ ነግራቸዋለች። እሳቸውም «እሷ ስለ ዐይኔ ባወራች ቁጥር እኔ ጆሮዬ ይደክማል» ይሉኝ ነበር።

«ተረቱ ውሸት ነው፣ ጋሽ ቶማ» አልኳቸው በአጥሩ ላይ። «ሸረሪት ከሸረሪት አታብርም።»

«ሸረሪት ያለው ማን ነው?»

«ድር ይላል እኮ።»

«ድርማ የእኛ ነው! የጥጥ ክር። ሸረሪት ደግሞ ማጓ የታለ? ዕድሜህን ጋዜጣ ላይ ጨርሰህ ድርና ማግ አትለይም?»

ወዲያው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለመሆኑ ዐይኗ እንዴት ነው?»

«ስምንት አላት። ግን የዚህች ዓይነቷ እምብዛም አታይም። የምታውቀው በእግሯ ነው፤ ክሩ ሲንቀጠቀጥ።»

«ሳታይ ትሠራለች?»

«አሳምራ!»

«ደንበኞቿ ያውቃሉ?»

«የእሷ ደንበኛ አንዴ ከገባ አይወጣም፣ ጋሽ ቶማ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ስጠይቅ የኖርኩ ሰው፣ ይህን ለምን እንደጠየቁኝ አልጠየቅኳቸውም።

በማግስቱ ሌንሴን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ለሙሽራ የታዘዘ ነጠላ ጥለቱ ላይ ደርሰው ነበር። ፎቶ አነሳሁትና ከሸረሪቷ ፎቶ ጎን አድርጌ፣ «ሁለት ድር» የሚል ርዕስ ሰጥቼ ለምሕረት ላክሁላት። ደስ ብሏት ለጠፈችው። ሁለታችንም ለክብራቸው ብለን ነው። ሌንስ ግን ክብር አያውቅም። ነጠላው እጅ ላይ ተዘርግቶ የማይታየው ጉድለት በዚያ ጉላት ፍጥጥ ብሎ ወጣ። ወርቃማው ክር ሦስት ቦታ ዘሏል። አንድ ቦታ ድሩ ተበጥሶ በዳበሳ ተቋጥሯል። የሙሽራዋ እናት ከሁሉም ቀድማ «የኔ እመቤት፣ ልጄን ቀዳዳ ልታለብሷት ነው?» ብላ ጻፈች። ሌሎችም ተከተሉ።

ምሕረት አባቷ ፊት ጥቁርና ነጭ ክር ዘርግታ «ጥቁሩ የትኛው ነው?» አለቻቸው። ሁለቱንም በጣታቸው ዳበሱ።

«ወፍራሙ» አሉ።

ሐኪሙ ዘግይታችኋል አለ። ጉድጓዱ ላይ ሳንቃ ተጋደመ፤ ሳንቃው ላይ ፍሪጅ ቆመ። እኔ የዘገብኩት እውነት ነበር። እርማት ላውጣበት ብል እንኳ የማርመው ስህተት አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ቶማ ከሰዓት በኋላ አጥሩን እየዳበሱ ይመጣሉ። ዱካ ላይ ተቀምጠው «ዛሬስ ምን ይዛለች?» ይላሉ። እኔም በሌንሴ እያየሁ እዘግባለሁ፤ ዝንብ፣ ፌንጣ፣ አንዳንዴ ንብ። የሸረሪቷን አመጋገብ እንደ እሳቸው ታግሦ የሰማኝ ሰው የለም።

ኅዳር ላይ ከእንጦጦ ውርጭ ወረደ። ሸረሪቷ እንቁላሏን ጥላ ሞተች፤ ድሩንም ንፋስ ወሰደው። የዚያን ዕለት ጋሽ ቶማ መጥተው ሲጠይቁኝ «ቢራቢሮ ይዛለች» አልኳቸው። በሥራ ዘመኔ ያልሆነ ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ጓደኞቼ በዚህ «ደረቁ» ይሉኝ ነበር። በማግስቱ ግን ቢራቢሮዋን አስገነዝኩ። በሦስተኛው ቀን ተርብ አመጣሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ በባዶ ግራዋ ላይ ሌንሴን ደግኜ፣ ካየሁት ሁሉ ያማረ ዘገባ አቀረብኩ። አንድ ቀን በዘገባዬ ያመጣኋት ንብ ገና ድሩ ላይ እየታገለች ሳለ ምሕረት ጠራቻቸውና አቋረጥን።

በማግስቱ መጥተው ተቀመጡ። እንደወትሮው አልጠየቁኝም።

«ጋዜጠኛው።»

«አቤት፣ ጋሽ ቶማ።»

«ጠዋት አንተ ሳትነሳ መጥቼ ግራዋውን ዳብሼው ነበር። ድር የለም። ካለቀም ቆይቷል።»

«ጋሽ ቶማ፣ እኔ...»

«ተወው ባክህ!» አሉና ዱካቸውን ወደ ግራዋው አስጠጉ። «ያቺ የትናንቷ ንብ ግን፣ አመለጠች?»